ቀለም የማይለቅ ከፋይ

ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ሳጥን ያወጣሁትን ቀይ የከፋይ ጨርቅ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ለዓመታት ተጣጥፎ ስለኖረ የደረቀ አሪቲ ይሸታል። ውሃው ይቀላል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልቀላም። አሸሁት፣ ጨመቅሁት፤ ጥቂት አቧራ ወጣለትና ውሃው መልሶ ጠራ። እናቴ ብታየው “አላልኳችሁም?” ትል ነበር። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ታውቀኛለህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ውስጤ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ይላል።

ከፋዩ የተገዛው ለሳሎናችን ነበር፤ ሳሎን ካልነው። አባቴ ቢቸና ውስጥ የቅኔ መምህር ነበሩ። የእንግዳ መቀበያችን ዙሪያውን የጭቃ መደብ አለው፤ ግድግዳው ላይ እናቴ የሰፋቻቸው ሰፌዶች ተሰቅለዋል፤ ከጓዳው በር ላይ ደግሞ የነተበ አቡጀዴ ይወዛወዛል። ታላቅ እህቴ አሥረኛ ክፍል የገባች ሰሞን፣ ከሞጣ ሽማግሌ ሊላክባት ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ቤተሰቦቹ ነጋዴዎች ናቸው፣ ቤታቸው ሶፋ አለ ተባለ። እናቴን እንቅልፍ የነሳት ልጁ አልነበረም፤ ሶፋው ነው።

“እኛም እንግዛ” አለች።

“መደቡ ማንን በደለ?” አሉ አባቴ።

በመጨረሻ በግማሽ በግማሽ ተስማሙ። መደቡ እንዳለ ይቆይ፣ በላዩ ስፖንጅ ይደረግበት፣ ስፖንጁ ጥሩ ጨርቅ ይልበስ፣ ለጓዳው በርም ከዚያው ጨርቅ መጋረጃ ይሰፋ ተባለ። እናቴ በዚያው ሳምንት መደቡን በአዲስ ጭቃ ለቀለቀችው። ቤቱ ዝናብ የነካው አፈር ይሸት ነበር።

እህቴ ግን ማግባት አትፈልግም። ሂሳብ አስተማሪ መሆን ነው የምትፈልገው። አባቴ ተማሪዎቻቸውን አጥሩ ሥር ሰብስበው ቅኔ ሲያስቆጥሩ፣ እሷ ጓሮ እህል እየለቀመች ታዳምጣለች። ላይ ላዩን የሚሰማውን ሰሙን ትታ፣ ከሥሩ የተደበቀውን ወርቅ ከተማሪዎቹ ቀድማ ታገኘውና ለእኔ በጆሮዬ ትነግረኛለች። “ሽማግሌዎቹ ቢመጡስ?” ብዬ ጠይቄያት ነበር። “አባባ አይሰጡኝም” አለች፤ እርግጠኛ ነበረች።

ስለ አባቴ አንድ ነገር ልንገርህ። አባቴ ነገርን በቀጥታ መናገር እንደ ነውር ነበር የሚቆጥሩት። ወጥ ጨው ሲያንሰው እንኳ “ዛሬ አሞሌ ተወደደ መሰለኝ” ነው የሚሉት። እናቴ ይህን ለምዳዋለች፤ የሚጠቅማትን ትሰማለች፣ የቀረውን ለተማሪዎቹ ትተወዋለች።

ጨርቁን ልንገዛ ወደ ሞጣ የሄድን ዕለት ጠዋት፣ እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች “አንቱስ፣ ምን ዓይነቱ ይሻላል ይላሉ?” ብላ ጠየቀች። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። የተመለከቱት እናቴን ሳይሆን እህቴን ነበር።

“የወደዳችሁትን። ብቻ አደራ፣ በዚህ ቤት ቀለም መልቀቅ የለም።”

“እሱንስ ለኔ ይተዉት” አለች እናቴ።

አውቶቡሱ በደብረ ወርቅ በኩል አድርጎ ሞጣ አደረሰን። የጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ጨለም ያለ ነው፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን በጣቃዎቹ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። አዲስ ጨርቅ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ከበረንዳው የልብስ ሰፊው መኪና አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል። ነጋዴው መጀመሪያ ትልልቅ አበባ ያለበት አረንጓዴ ዘረጋልን።

“ይሄ አይሆንም፣ ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ትተው አበባ ሲቆጥሩ ሊውሉ” አለች እናቴ።

ቢጫ ሳቲን አመጣ። “ይሄ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ሰው ከቤቴ ወድቆ እንዲሄድ አልፈልግም።” ከዚያ ቀዩን ከፋይ አወረደ። እናቴ በመዳፏ ወደ ላይ ስትዳብሰው ይጠቁራል፣ ወደ ታች ስትመልሰው ይቀላል። “ልክ የመቅደሱን መጋረጃ” አለች በለሆሳስ፤ ለመጋረጃውም ለመደቡም እሱ እንደሚሆን ያን ጊዜ አወቅን።

“አይለቅም እናቴ” አለ ነጋዴው ሳይጠየቅ።

እናቴ ግን ነጋዴ አታምንም። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ከፋዩን ፈተገችው፣ ከዚያ ለእህቴ አቀበለቻት። “ያንቺ ዓይን ደህና ነው፣ እስቲ እሽው።” እህቴ ለረጅም ጊዜ አሸችው። ነጠላው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

“አይለቅም” አለች። ቆየት ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እማ፣ አባባ ያሉት የጨርቁን ብቻ ነው?”

“ኤዲያ! ጨርቅ ልንገዛ መጥተን የምን ቀለም ሊሉ ኖሯል?”

እህቴ ፈገግ አለች። ስንመለስ ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አገዳውን በመስኮት እያየች ለብቻዋ ታንጎራጉር ነበር። ደስ ብሏት ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

በአባቴ ቤት ቀለም የጨርቅ ነገር ብቻ አልነበረም። ትምህርት ራሱ ቀለም ነው፤ ቶሎ የሚገባው ልጅ ቀለም አለው ይባላል። ስለዚህ ቀለም መልቀቅ ጨርቁ ሲታጠብ ውሃ ማቅላቱም ነው፣ ተማሪው ትምህርቱን መተዉም ነው። እናቴና እኔ ጨርቁን ሰምተን ሞጣ ሄድን። እህቴ ወርቁን ሰምታ ነበር፤ አባቷ ትምህርቷን እንደማያስጥሏት ቃል የገቡላት መስሏት ነበር።

ሽማግሌዎቹ በኅዳር መጡ። ሦስት ነበሩ። ወጉ ነውና፣ የመጡበት ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው በነጫጭ ጋቢያቸው ቆሙ። እናቴ በአዲሱ ከፋይ ላይ ሰው እስኪቀመጥበት ቸኩላ፣ ከማእዘኑ ሆና ነጠላዋን ታፍተለትላለች። እኔና እህቴ ጓዳ ውስጥ፣ ከአዲሱ መጋረጃ ጀርባ ነበርን። መጋረጃው ገና የሱቁ ሽታ አልለቀቀውም።

አባቴ ሰዎቹን እስኪጨርሱ ሰሟቸው። ከዚያ እጃቸውን መደቡ ላይ አሳረፉ።

“ይህ ከአገራችሁ ከሞጣ የመጣ ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት ቀለም መልቀቅ የለም።”

እህቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከፋዩን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት። ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት። “እውነትም አይለቅም” አሉ። ሌሎቹ ሁለቱም ተራ በተራ ፈተጉት። ሳቁ። እናቴ ከሁሉም በላይ ሳቀች፣ “ተቀመጡ እንጂ፣ ተቀመጡ” አለች፤ ተቀመጡም። ስፖንጁ ትልቁን ሽማግሌ ዋጥ ሲያደርጋቸው እንደገና ተሳቀ። ወላጅ ለጥያቄው መልስ ሳይሰጥ ተቀመጡ ካለ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ የቀረው የቀን መቁረጥ ነው።

አባቴ አልሳቁም። ወደ መጋረጃው አዩ። አሁንም አንድ ቀጥተኛ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ይቆም ነበር፤ ያን ቃል ግን በዕድሜያቸው አልተለማመዱትም። “እግዜር ያለው ይሁን” አሉ።

እህቴ በጥር ተዳረች። ደብተሮቿን ለእኔ ሰጠችኝ። የሂሳቡ ደብተር ግማሹ ባዶ ነበርና እኔ ጨረስኩት።

ከሁለት ዓመት በኋላ እኔንም የሚጠይቁ መጡ። አባቴ ወደ ቤት እንኳ አላስገቧቸውም። ደጃፉ ላይ ቆመው “ልጄ ተማሪ ናት። አይሆንም” አሉ። አጥሩ ሥር ያሉት ተማሪዎች ወርቁን ፍለጋ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ምንም አልነበረበትም። እኔ በዚያች ቃል ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። የማስተምረው ሂሳብ ነው።

አባቴ ያረፉ ዕለት ለለቅሶው ሳሎኑን አራቆትነው፤ ሰፌዶቹን አወረድን፣ ከፋዩን ከመደቡ ገፈፍን። እህቴ ከሞጣ መጥታ ነበር። ከልጆቿ ትልቁ ቁመቷን አልፏል። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ስናጥፍ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

“ያኔ አባባ ያሉት ገብቶሽ ነበር?”

“ወርቁማ ገብቶኛል” አለች፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ። “እኔ የጠበቅሁት ሰሙን ነበር። ላንቺ ደጃፉ ላይ በግልጽ የተናገሩትን።”

ጫፏን ይዛ መጥታ ከእኔ ጫፍ ጋር ገጠመችው። እጆቻችን ተነካኩ። ጨርቁን ከእጄ ወሰደችና ሳጥኑ ውስጥ አሪቲ ነስንሳ አስተኛችው።

ነገ እህቴ ቢቸና ትመጣለች። መደቡን ላለብሰው ነው ያጠብኩት፤ በላዩ እንድትቀመጥ። የሳፋውን ውሃ አሁን ደጅ ደፋሁት፤ እንደገባ ነው የወጣው። ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። እጄን በቀሚሴ አደራረቅሁና ከፋዩን ገመዱ ላይ ሰጣሁት።