ድልድዩን ያስጨፈረው ቀቢ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ቀቢው» ይሉታል። ብሩሽ ነክቶ አያውቅም፤ መሐንዲስ ነው። ኮምፒውተሩ አንድን ምሰሶ ወይም የውሃ ጋን በሐሳብ እልፍ ቦታ ይከትፍና እያንዳንዷ ቁራጭ ምን ያህል ጫና እንዳረፈባት ያሰላል። የሚወጣው የቁጥር መዓት ነው፤ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ አያነበውም። ቀቢው ያንን ቁጥር ሥዕል ያደርገዋል፤ ጫና የቀለለበት ሰማያዊ፣ የከበደበት ቀይ።

ችግሩ ኮምፒውተሩ የዋህ ነው። ከሁሉ የበለጠውን ቁጥር፣ ኢምንት ቢሆን እንኳ፣ ቀይ ይቀባዋል። ዝንብ ያረፈችበት ጠረጴዛ ብትሰጠው ከዝንቧ እግር ሥር ቀይ ነጥብ ያወጣልሃል። አለቃው ደግሞ ቀይ ሲያይ ልቡ ድንግጥ ይላል። «ደንበኛ ፊት ቀይ ይዤ አልቀርብም» አለ አንድ ቀን። ቀቢውም ምን ገዶት፣ በሥዕሉ ጠርዝ ያለውን የቀለም መለኪያ ጣሪያ፣ ቀይ የሚጀምርበትን ቁጥር፣ ከፍ አደረገው፤ ቀዩ ድራሹ ጠፋ። ያኔ ውሸት አልነበረበትም፣ ብረቱ ደህና ነበር። አለቃው በደስታ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው ግን ይሄ ሞኝ ቀቢ አሠራሩንም ለአለቃው አሳየው።

ከዓመታት በኋላ የእግረኞቹ ድልድይ ሥራ መጣ። ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ የሚያሻግር አሮጌ የብረት ድልድይ ነው፤ የቀቢው እናት ለጉልበታቸው መርፌ የሚመላለሱበት። ሒሳቡን ቢያስኬደው መሃል ላይ ያለው መጋጠሚያ ቀላ። የተለመደው ነው ብሎ ለወጉ ያህል ቁጥሩን አየው። ብረቱ ከሚችለው በላይ ነው። ቁራጮቹን አድቅቆ እንደገና አሰላው፤ ያው። እናቱ ከነዘንቢላቸው እዚያ ላይ ታዩትና ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ኢንጂነር፣ ይሄኛው ቀይ የምር ነው» አለ ቀቢው፣ ወደ አለቃው ቢሮ ገብቶ ሥዕሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶለት።

«የምር ቀይ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

«ሰው ሲበዛበት መጋጠሚያው ይለቃል። መዘጋት አለበት።»

አለቃው ማውሱን ሳብ አድርጎ የመለኪያውን ጣሪያ ከፍ አደረገው። ድልድዩ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ።

«ይኸው። በከንቱ ትጨነቃለህ። አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?»

ቀይ ምንም ማለት አይደለም እያለ ሰውየውን ያሳመነው ራሱ ቀቢው ነው። ጠረጴዛው ጋ ተመልሶ አንገቱን ደፋ። በጣም አፈረ፤ አፍሮ አፍሮ ሲጨርስ ተናደደ።

በማግስቱ የከተማው ሹማምንት ለስብሰባ መጡ። አለቃው ሰማያዊውን ድልድይ ግድግዳው ላይ አሳያቸው፤ እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊነሱ ሲሉ ቀቢው «አንዲት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀርታለች» አለ።

ብረት ሲጎብጥ በዓይን ስለማይታይ ኮምፒውተሩ አጋኖ የማሳየት ልማድ አለው። ቀቢው ማጋነኛውን ወደ ሦስት መቶ እጥፍ ሰቀለው። ይህንንም በሥዕሉ ግርጌ በደቃቁ ጽፎታል፤ ግርጌ ማን ያነባል? ድልድዩ ግድግዳው ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወዛወዘ፤ መሃሉ ወንዙን ሊነካ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወረደ። ዋናው ሹም የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሰው የሚሄደው በዚህ ላይ ነው?»

«አዎ፣ በዚሁ ላይ ነው» አለ ቀቢው።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ አለቃው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከስብሰባው ሲወጡም የቀቢውን ክንድ ይዞ «ዛሬ ገና እውነተኛ ሥዕል አመጣህ» አለው።

ድልድዩ ከሰዓት በኋላ ታጠረ። አመሻሹ ላይ እናቱ ደወሉ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ልጄ፣ ድልድዩን ዘግተውብን በታችኛው መንገድ ስዞር ጉልበቴ አለቀ። ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ። ደህና ገባሽ?»

«ገባሁ። የዘጋውን ሰው እጁን ይቁረጠው። አሜን በል እንጂ።»

ቀቢው መዳፉን ገልብጦ አየት አደረገው።

«አሜን፣ እማዬ» አለ።