እግር መሬት ሳይነካ

ጎረቤቴ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆማ ልብስ ተኩሳለች። ሰፈሩ «ካውያ» ይላታል፤ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሁለታችንም ብቻችንን ነን፤ ክፍሎቻችንን አንድ ስስ ግድግዳ ይለያቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት ስንኖር ወሬያችን ከሰላምታ አላለፈም። እኔ ዓይነ አፋር ነኝ፤ እሷም ሰው ማስቸገር አትወድም።

ግራ እግሯ ላይ ደም ሥሮቿ እንደ ተቋጠረ ገመድ አብጠው ነበር። ረጅም ቀሚስ ለብሳ «ዕድሜ ነው» እያለች ታልፈዋለች። በኋላ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆዳው ጠቆረ፣ አሳከከ፣ ቆሰለ።

ሐኪሙ አስረዳት። «ደም ወደ እግር መውረድ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው መውጣቱ ነው። ደም ሥር ውስጥ ደሙ እንዳይመለስ የሚይዙ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። እነሱ ሲላሉ ደሙ ታች ይጠራቀማል። ቆሞ መዋል ደግሞ ያባብሰዋል።» ቁስሉ ካልዳነ ሥራዋ እንደሚያበቃ ነገራት። ከዚያ መተኮሻ ጠረጴዛ ሌላ ደግሞ የምትውልበት ቦታም፣ የሚያወራት ሰውም የላትም።

እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ እግር አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ ታዘዘላት። ጣቶቿ የካውያውን እጀታ ሲጨብጡ ኖረው ስለጎበጡ መሳብ አቃታት። ስለዚህ በየማለዳው ካልሲውን በፌስታል ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ነርሷ ታጠልቅላታለች። ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ቁስሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

«እማማ፣ እዚህ የሚመጡት በምንድን ነው?» አለቻት ነርሷ።

«በእግሬ ነዋ! ክንፍ አላበቀልኩ።»

«እንግዲያው እዚህ እስኪደርሱ እግርዎ ያብጣል ማለት ነው! ካልሲው አልጋ ላይ እንዳሉ፣ እግርዎ መሬት ሳይነካ ነው የሚጠለቀው። ቤት ሰው የለም?»

«ሞልቷል» አለቻት ካውያ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ደጃፌ ቆማ ነው። መዳፏ ላይ አዲስ ቁልፍ ነበር።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ትነሻለሽ አይደል? ወንበርሽ ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ።»

«እነሳለሁ።»

«እንኪ። ቤቴን ከውጭ ትከፍቺዋለሽ። እኔ ተነስቼ ከከፈትኩልሽማ ምን ዋጋ አለው!» ከዚያ ሳቀች። «ቁልፍ ቀራጩ ‹ለልጅሽ ነው?› አለኝ። ‹ለእግሬ ነው› አልኩት።»

በማግስቱ ከፈትኩ። እግሮቿን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለታችንም አልለመድነውም። ተረከዟን አስገብቼ፣ ጭምድዱን በመዳፌ እያቃናሁ ቀስ ብዬ ሳብኩ።

«ጠበቀሽ?»

«ይጥበቅ።»

ሥራ ሄደች። እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ቤቱ ከትናንቱ ይበልጥ ጭር ያለ መሰለኝ።

በሦስተኛው ወር ቁስሉ ገጠመ። ሐኪሙ ግን የላላው መዝጊያ ስለማይመለስ ካልሲውን ዕድሜ ልኳን እንድታደርግ ነገራት። ስትነግረኝ ምርር ብሏት ነበር። «አይዞሽ» አልኳት። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።