የአንሶላው ጠርዝ

የቤት ሽያጭ ቢሮው ሲዘጋ ጸሐፊዋ ሁለት ወር ሥራ ፈታ ተቀመጠች። በኋላ፣ ገበያው ቢቀዘቅዝም ሰው መታመሙን አይተውም ብላ፣ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የስድስት ወር ኮንትራት ፈረመች። ለአማቷ ግን «ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ገባሁ» አለቻቸው። በየጠዋቱ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ ትወጣና እዚያ ስትደርስ በላስቲክ ቦት ትቀይረዋለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ንጹሕ አንሶላ የጫነ ጋሪ እየገፋች የሴቶች ክፍል ስትገባ፣ አማቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው አልጋ እስኪነጠፍላቸው ይጠብቃሉ። ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ጎረቤት ነበር ያመጣቸው። ክው አለች። የአፍ መሸፈኛዋን እስከ ዓይኗ ሥር ሳበችው።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ መዝገብ ቤት የምትሠራ ምራት አለችኝ። እስቲ ጥሪልኝ» አሏት።

«አላውቃትም» አለች ድምጿን አወፍራ።

አቀርቅራ ማንጠፍ ጀመረች። እጇ ግን እንደለመደው ሄደ፤ የአንሶላውን ጠርዝ እንደ ፖስታ ሁለቴ አጥፎ ከፍራሹ ሥር ወተፈው። ይህን አስተጣጠፍ በሙሽርነቷ ወራት ያስተማሯት አማቷ ራሳቸው ናቸው።

አሮጊቷ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ቀና ብለው ዓይኖቿን አዩ።

«ያቺን ምራቴን ድንገት ካገኘሻት» አሉ ቀስ ብለው፣ «‹አልጋዬን ያነጠፈችልኝ ልጅ እጇ እንዳንቺው ነው› በያት።»

ፊቷ እንደ ፍም ጋለ። ከጋሪውም ከቦቱም ይልቅ «አላውቃትም» ያለችው ቃሏ አሳፈራት። መሸፈኛዋን አወረደች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አወቅኩሽ እኮ። በይ አሁን ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ።»