አዲሱ ኮምፒውተር ያላወቀው ልኬት

ኃላፊዬን ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው። እዚህ ግን አልልም።

ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመሬት ልኬት መዝገብ እጽፍ ነበር። ማሳ የሚለካው በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ነው። ባለመሬቱና ጎረቤቱ ድንበሩን አብረው ይዞራሉ፣ ለኪው በየማዕዘኑ እየቆመ ይመዘግባል፣ በኋላ ልኬቱ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። አሮጌው ኮምፒውተር ተቃጠለና አዳዲሶች መጡ። አዲሶቹ መሣሪያውን አላወቁትም፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው በድሮው ዊንዶውስ ብቻ ነበር። ኃላፊው ገመዱን ሁለት ጊዜ ሰክቶ ነቀለና «በቃ፣ ሞቷል» አለ። አዲስ መሣሪያ ተጠይቆ መጣ። አሮጌው ውስጥ የቀሩት ማሳዎች እንደገና ይለካሉ ተባለ።

ከቀሩት አንዱ ከቡሌ የሚመጡ ባል የሞተባቸው የአንዲት እናት ማሳ ነበር። ድንበሩን አብሯቸው የዞረው ጎረቤት ከልኬቱ በኋላ ዐረፈ። ልጆቹ የድንበሩን እንሰት ነቅለው ወደ እሳቸው ማሳ ገቡና ባሕር ዛፍ ተከሉ። የልኬቱ ቅጽ ላይ የሟቹ ጎረቤት የጣት አሻራ አለ። ድንበሩ በየት በኩል እንዳለፈ የያዘው ግን መሣሪያው ብቻ ነው። እንደገና መለካት ማለት ልጆቹ በተከሉበት መለካት ማለት ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡ ዕለት ነጠላቸው በዝናብ ርሶ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ዛሬስ አገኘህ?» አሉኝ። ሴት ነኝ፤ እሳቸው ግን ለሴትም ለወንድም አነጋገራቸው አንድ ነው።

ኃላፊው ከውስጥ ሰማ። «እማማ፣ ነግሬዎታለሁ እኮ! ሰው ይላካል፣ ይለካል።»

«ማን ይዞርልኛል? የዞረው ሰው አፈር ውስጥ ነው።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ አሮጌውን መሣሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። «ነገ ለንብረት ክፍል ይመለሳል። ውስጡ ያለውን አጥፊና አዘጋጂው።» ንብረት ክፍል የዚህ ዓይነት ዕቃ ሲረከብ ውስጡ ባዶ መሆኑን አይቶ ነው የሚፈርመው።

እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት በራሴ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ጭኜ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው፤ እዚያ ውስጥ የድሮውን ዊንዶውስና ፕሮግራሙን አስገባሁ። ያን ጊዜ ለኃላፊው በቀስታ ነግሬው «አንቺ የተቀጠርሽው መዝገብ ለመጻፍ ነው» አለኝ። ላፕቶፑን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ። መሣሪያው ጠረጴዛዬ ላይ በተጣለ ዕለት ግን እናትየው በር ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ከመጥፋቱ በፊት በእኔ ላፕቶፕ ልሞክረው?»

«ኢንጂነሯ!» አለና እዚያው የነበረውን ለኪ ጠቀሰው። «እስኪ አልዓዛር ሆይ፣ ና ውጣ በይው!» ሁለቱም ሳቁ።

ገመዱን ሰካሁ። የመሣሪያው ስም ላፕቶፑ ላይ ታየ። መሣሪያው ወደ ውስጠኛው ኮምፒውተር እንዲያልፍ ውጪኛው መልቀቅ አለበት፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይይዙትም። ከዝርዝሩ መረጥኩት። ላፕቶፑ ጠቅ አለ፣ ስሙ ከውጪኛው ጠፋ፣ ውስጠኛው ላይ ብቅ አለ፣ ፕሮግራሙ ማንበብ ጀመረ።

«አጠፋሽው!» ኃላፊው ከኋላዬ ጮኸ። «አሁን እዚህ ጋ ይታይ አልነበረም?» ገመዱን መንጭቆ ነቀለው።

የመሣሪያው ስክሪን ባለበት ቀጥ ብሎ ቀረ። ለኪው መሳቁን አቆመ። ማስረዳት ጀመርኩ፤ እንደ ሁልጊዜው ግን የኃላፊው ድምፅ የእኔን ዋጠው። «ለዚህ ነው አትነካኩ የምለው» እያለ ለቢሮው ሁሉ ያሰማ ነበር። ፊቴ ነደደ። ከኀፍረት መስሎኝ ነበር፤ ኀፍረት ሳይሆን ንዴት መሆኑን ያወቅኩት የመሣሪያውን ባትሪ አውጥቼ ከሚገባው በላይ በኃይል ስመልሰው ነው።

መሣሪያው በራ። ገመዱን እንደገና ሰካሁና በግራ እጄ ሶኬቱን ከነገመዱ ጨብጬ ያዝኩ።

«እንዳይነኩት» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እንዳይነኩት ነው ያልኩት።»

ድምፄ እንደዚያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። እሱም አላወቀም መሰለኝ፣ ባለበት ቆመ። እንደገና መረጥኩት፣ ስሙ እንደገና ከውጪኛው ጠፋ፣ ውስጠኛው ላይ ወጣ። የእናትየው ማሳ ከነማዕዘኖቹ የላፕቶፑ ስክሪን ላይ ተሣለ። አትሜ ለኃላፊው ሰጠሁት።

ኃላፊው ፈረመ፣ ማኅተም መታ፣ ወረቀቱን ይዞ ራሱ ወጣ። «ይኸው እማማ፣ አስተካከልንልዎት» ሲል ሰማሁት። አስተካከልን!

እናትየው እሱ ከገባ በኋላ ወደ መስኮቴ መጡ። ምርቃት ጠብቄ ነበር።

«ልጄ፣ ባለፈው ስመጣ ይህንን ማድረግ አትችልም ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ሁለት ጊዜ በከንቱ ከቡሌ ወርደው ተመልሰው ወጥተዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ ላፕቶፑ ከእግሬ ሥር ቦርሳ ውስጥ ነበር።

«እችል ነበር» አልኩ።

አዩኝ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቀለሉና ወደ ቡሌ መኪና ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። በኃላፊው ላይ የተናደድኩት ንዴት ከዚያ በኋላ በርዷል፤ በራሴ ላይ ያለው ግን አልበረደም።

ተመልሼ ተቀመጥኩና የሌሎቹን ማሳ መገልበጥ ጀመርኩ።

«ደግሞ ምን እየሠራሽ ነው? አጥፊው አላልኩም?»

«ሁሉም ሳይገለበጥ አላጠፋም።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም» አልኩና ቀና ሳልል ቀጠልኩ።