የናፍጣ መኪናዬና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ነገሩ ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። የግንቦት እሁድ ነበር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ። የማልረሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ ሐጂ ዩስፍ እንድረሳው አይፈቅዱልኝም። ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ ሱቃቸው ደጃፍ ላይም ያወሩታል፤ ባወሩት ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩበታል። ከዚህ በላይ ሳያብጥ እኔው ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናዬ ልናገር። አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ ግን የምትጠጣው ናፍጣ ነው። ስገዛት ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። "ናፍጣ ለጭነት መኪና ነው፣ አንተ ምን ልትጭን ነው?" ይሉኝ ነበር። እኔ አልሰማሁም። ደግሞም አልተሳሳትኩም። አንዴ ከሞላኋት ማደያ የት እንዳለ እስክረሳ ድረስ ትሄዳለች። የደንገጎን አቀበት አምስት ሰው ጭና ስትወጣ የቤንዚን መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው ውሃ ሲጠጡ እያየች ታልፋለች። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጅና ታክሲ ሲሰለፍም እኔን አይመለከተኝም። እርግጥ የናፍጣ ሰልፍ ሲመጣ ከከባድ መኪኖች መሃል እገባለሁ፤ አንድ ቀን ቀጂው ሳያየኝ ከኋላዬ ያለውን ተሳቢ ጠርቶታል።

ጉዳቷንም አልደብቅም። ጭስ አላት። በነጭ ሸሚዝ ከኋላዋ የቆመ ሰው በሌላ ቀለም ሸሚዝ ይሄዳል። ድምፅ አላት፤ ድሬ ደግሞ ከምሳ በኋላ የምትተኛ ከተማ ስለሆነች ስንቱን ከእንቅልፉ እንደቀሰቀስኩት እግዜር ይቁጠረው። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ሞተሯ ሞቆ ከጠፋ እስኪበርድ ድረስ አይነሳም። ድሬዳዋ ላይ ምን ይበርዳል? ሰፈሬ ቁልቁለት ስላለው እዚያ እየገፋሁ አስነሳታለሁ። ከዚራ ግን ሜዳ ነው፤ ስለዚህ ከዚራ ስሄድ ሞተሩን አላጠፋም።

ከዚራ የምሄደው ራሔል ዘንድ ነው። ያኔ ከተዋወቅን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። አባቷ ጋሽ አየለ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሮጌው ባቡር ጋራዥ የናፍጣ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ ባቡሩ ሲቆም ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ቁጡ ናቸው ይባላል። ራሔልም ትፈራቸዋለች። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ከአጥራቸው ጥግ እቆማለሁ፤ እሷ "ሳሙና ልግዛ" ብላ ትወጣለች፤ ሩብ ሰዓት አውርተን እንለያያለን። ሞተሩ ስለማይጠፋ የምናወራው እየጮህን ነው። "ናፍቀሽኛል" የሚለውን ቃል እንደ እኔ በጩኸት የተናገረ ሰው ድሬ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ይህን ሁሉ እያደረግን ፍቅራችን ምስጢር መስሎን ነበር።

ሽማግሌ የምልክበት ቀን ደረሰ። ራሔል አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች። "አባዬ አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ሁለተኛ ጆሮ የለውም" ብላኛለች። ስለዚህ ያለኝ ዕድል አንድ ነው። አጎቴ አቶ ታደሰ፣ ሐጂ ዩስፍና የእድራችን ዳኛ ተመረጡ። እኔ በባጃጅ እንዲሄዱ አስቤ ነበር። አጎቴ ተቆጡ።

"ሽማግሌ በባጃጅ እየተንገጫገጨ ሄዶ የሰው ልጅ ይጠይቃል? መኪና እያለህ?"

"መኪናዋን ከእኔ በቀር የሚያውቅባት የለም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"እንግዲያው አንተው ንዳ።"

ወጉን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ልጁ ሽማግሌ ይልካል እንጂ ሽማግሌ አያደርስም። የሴቲቱ ቤተሰብ በዚያ ቀን ደጃፋቸው ላይ ካዩት ድፍረት ነው፤ እምቢ ለማለት ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም። አጎቴ ለዚህም መላ ነበራቸው። "ካደረስከን በኋላ ጎንበስ ትላለህ፤ ማን ያይሃል?" አሉ። ሐጂ ዩስፍ "አቦ፣ ልጁ ጎንበስ ቢል መኪናዋ ጎንበስ አትል! ወላሂ፣ ሳቢያን ሰፈር ድረስ ነው የምትሰማው" ብለው ነበር። የሰማቸው የለም።

ቢያንስ ጥጉ ጋ ላቁም ብል አጎቴ "ከበር ድረስ!" አሉ። ከበር ድረስ ሄድኩ። ስቆም የግቢው ቆርቆሮ በር ከሞተሩ ጋር አብሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጎቴ ለክብር ብለው በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው መጥተው ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ክብሩ አቃታቸውና ጋቢውን ኋላ ወንበር ላይ ጥለውት ወረዱ። ሦስቱም ገቡ። እኔም ወደ ኋላ ወንበር ተሻግሬ ተጋደምኩና ጋቢውን ከላዬ ሳብኩት። ከፊት ሞተሩ ይጋግራል፣ ከላዬ ፀሐይ ትጠብሳለች። አሥር ደቂቃ ብቻ ቻል አልኩ ለራሴ።

ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ከሐጂ ነው፤ አጎቴም ስላልካዱ እውነት ነው ብዬ ተቀብየዋለሁ። ሽማግሌዎቹ "ቁጭ በሉ" ሲባሉ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። አጎቴ ሳምንት ሙሉ የተለማመዱትን ንግግር ጀመሩ። ስለ ጥሩ ዛፍና ስለ ጥሩ ፍሬ ተናገሩ። ጋሽ አየለ ግን አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ሌላ ነገር ያዳምጣሉ። አጎቴ ዋናው ቃል ላይ ሊደርሱ ሲሉ ጋሽ አየለ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ አንዴ። ያ በር ላይ የቆመው መኪና የማነው?"

አጎቴ ደስ አላቸው። ስለ ሀብታችን የጠየቁ መስሏቸው ደረታቸውን ነፉ። "የልጃችን ነው! በላቡ የገዛው!"

"እየገደለው ነው" አሉ ጋሽ አየለ፤ ከወንበራቸውም ተነሡ።

አጎቴ መኪናው ውስጥ ማን እንደተኛ ትዝ ሲላቸው በሩ ላይ ቆመው "ኧረ ይቀመጡ፣ የመኪና ነገር ይደርሳል" ሊሏቸው ሞከሩ። ጋሽ አየለ ዘወር አድርገዋቸው አለፉ። ሐጂ ዩስፍ እኔን ለማስጠንቀቅ እስከ መንገድ በሚሰማ ድምፅ ሳሉ። "አሥራ አንድ ጊዜ ሳልኩ" ይላሉ። እንኳን የሐጂን ሳል፣ መድፍ ቢተኮስም በዚያ ሞተር አጠገብ አልሰማም ነበር።

መጀመሪያ ያወቅኩት የመኪናዋ በር ሲከፈት ነው። ጋሽ አየለ ኮፈኑን ለመክፈት ገመዷን ከመሪው ሥር እየፈለጉ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፤ ጋቢው ከፊቴ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ማነህ?"

"ሾፌር ነኝ" አልኩ። ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም።

"ሾፌር ከሆንክ ኋላ ምን ትሠራለህ?"

"ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ።"

በድሬዳዋ፣ በግንቦት፣ ላቤ ከአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ ይህን ተናገርኩ። ጋሽ አየለ ላቤን አዩ፤ ጋቢውን አዩ፤ በሩ ላይ ጭንቅላታቸውን የያዙትን አጎቴን ዞር ብለው አዩ።

"ውረድ" አሉኝ። "ሞተሩን አጥፋው።"

"ጋሼ፣ ከጠፋ አይነሳም።"

"አጥፋው አልኩህ።"

አጠፋሁት። ከዚራ በአንዴ ጸጥ አለች። ያን ያህል ጸጥታ ያልጠበቁ ጎረቤቶች ምን ሆነ ብለው በየበራቸው ብቅ አሉ። ጋሽ አየለ ኮፈኑን ከፍተው ወደ ቤት ጮኹ፤ "ራሔል! ቀዝቃዛ ውሃና ጨርቅ!" በዚያ ቀን ከጓዳ እንዳትወጣ የታዘዘችው ራሔል ጆግ ይዛ ወጣች። እኔን ስታይ ውሃው ግማሹ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ሦስታችን ሞተሩን ከብበን ቆምን። እንዲህ ያለ ትውውቅ ያደረገ አማች ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ አየለ ጨርቁን ነክረው ናፍጣ የሚስበው ፖምፓ ላይ ጠቀለሉት። እጃቸው ሲሠራ አፋቸውም አብሮ ተፈታ። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"ይህን ድምፅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጥሬ ጀርባ ሰምቸዋለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ሩብ ሰዓት ያቃስታል፤ ይሄዳል። ይህች ልጅ ደግሞ በሳምንት አራት ሳሙና ትገዛለች። ቤታችን የሳሙና ፋብሪካ ሆነ! ምነው አንድ ቀን እንኳ ገብተህ 'ጋሼ፣ ሞተሬ ታሟል' ብትል?"

ራሔል መሬት መሬት አየች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

"ቦን፣ ደህና" አሉ ጋሽ አየለ፤ የድሮ ባቡር ሰዎች ፈረንሳይኛቸው ከአፋቸው አይጠፋም። "አሁን አስነሳው።"

ቁልፉን አዞርኩ። በአንድ ጊዜ ተነሣች። ሐጂ ዩስፍ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው አጨበጨቡ፤ ጎረቤቶቹም አብረው አጨበጨቡ። አጎቴ ዕድሉ እንዳያመልጣቸው ንግግራቸውን እዚያው መንገድ ላይ ቀጠሉ፤ "እንግዲህ ጋሽ አየለ፣ ልጅዎን ለልጃችን..."

"ስለ ልጄ ዛሬ መልስ የለኝም" አሉ ጋሽ አየለ እጃቸውን እየጠረጉ። "ለመኪናው ግን አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይምጣ። የሥራ ልብስ ለብሶ።"

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ አላናገሩኝም። ሐጂ ዩስፍ ብቻ "ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ እምቢ አላሉም እኮ!" እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። እሺም አላሉም። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ ሄድኩ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄድኩ። አራት ቅዳሜ ሙሉ ከጋሽ አየለ ጋር ከመኪናዋ ሥር ተኛሁ። ስለ ራሔል አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከአልጋቸው ሥር በሸራ የተጠቀለሉ መፍቻዎች አወጡ። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ያልተነኩ ናቸው፤ ግን አንዱም አልዛገም፤ ለካ በየጊዜው ዘይት ይቀቧቸው ነበር። ከመካከላቸው የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮዬ ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደግፈው "ስማ" ይሉኛል። "የትኛው ነው የሚያመው?" ይሉኛል። ስሳሳት "አህያ!" ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አህያ ሆንኩ።

በአራተኛው ቅዳሜ ሰማሁት። ጣቴን ናፍጣ ከሚረጩት ኖዝሎች አንዱ ላይ አደረግኩ። ጋሽ አየለ ካቻቢቴውን ተቀብለው ራሳቸው አዳመጡ። ከዚያ "ሽማግሌዎችህ እሁድ ይመለሱ" አሉ። "በባጃጅ ይምጡ። አንተ ደግሞ ቤትህ ተቀመጥ፤ ወግ አለ።"

ከሠርጉ በኋላ ራሔል አንድ ነገር ነገረችኝ። ያን እሁድ አባቷ እምቢ ሊሉ ወስነው ነበር። "የቢሮ ልጅ ነው፣ እጁ ለስላሳ ነው" ብለው ለእናቷ ነግረዋታል፤ የሚመልሱትን ቃል ሳይቀር አዘጋጅተው ነበር። ባቡሩ ከቆመ ጀምሮ ደግሞ አንድም ሰው "ጋሽ አየለ፣ ይህን ይስሙልኝ" ብሏቸው አያውቅም። እኔ ሽማግሌ የላክሁት ልጃቸውን ለመጠየቅ ነበር። እሳቸው ግን ሥራ መጣልኝ ብለው ነው ከወንበራቸው የተነሡት። ይህን ሳስብ ያ ሁሉ ኀፍረቴ ይቀለኛል።

አሁን ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና እያየ ነው። ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ማደያ አይሄድም። "ይህችን ጣሳ ሽጥና እንደ ሰው ሁን" ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ሰላማዊ መኪና ነው። በእሱ ሄጄ ቢሆን ኖሮ የአጎቴ ንግግር እስከ መጨረሻው ይደመጥ ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ ላጤ እሆን ነበር።

መኪናዬ ከተጠገነች ወዲህ ደህና ናት። ቢሆንም በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ከዚራ እወስዳታለሁ። "ጋሼ፣ አንድ ድምፅ አለ፤ አልገባኝም" እላቸዋለሁ። ያለፈው ቅዳሜም እንዲሁ አልኩ። ጋሽ አየለ ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"ምንም የለውም" አሉ።

ኮፈኑን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ።

"ማን ዝጋ አለህ? ፍታው!"