ቀድሞ የሚደውል የጠፋበት ጠብ

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሳዑዲዋ ጂዛን ከተማ ተነሳሁ። አል-ኹባ አጠገብ ፍየል የሚጠብቀውን አጎቴን፣ አያ ሰይድን፣ ከየመን ድንበር ላሸሸው ነበር። የመድፍ ጥይት ከበረቱ ጀርባ እንደወደቀ በስልክ ነግሮኛል።

የታክሲው ሾፌር ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፍቶ የድል ወሬ ያዳምጣል። «በሳምንት ውስጥ ኸላስ፣ ያልቃል» አለኝ። ባለፈው ዓመትም ሌላ ሾፌር እንዲሁ ብሎኝ ነበር። ድርድር የሚለውን ቃል ግን በዚህ መንገድ ላይ ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሬዲዮውን ቀንስልኝ ለማለት አፍሬ ጆሮዬን በሻርፔ ሸፍኜ ሄድኩ።

ከከተማው እንደወጣን የማሽላው ማሳ አረንጓዴ ነበር። ወደ ተራራው ስንጠጋ ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ረግፈዋል። ውጊያውን ያዘዙት ሰዎች እዚህ አንድ ቀን ቢውሉ ብዬ ተናደድኩ።

ከበረቱ

አያ ሰይድ በላስቲክ ዳሱ ሥር ሩዝ በቲማቲም አቀረበልኝ። ልብሱን እንዲሰበስብ ስነግረው እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አሠሪው፣ እዚህ ከፊል የምንለው፣ የራሱን ቤተሰብ ጂዛን ካሸሸ ቆይቷል። አያ ግን ፍየሎቹን ወደ ሰሜን ልውሰድ ሲለው ተጯጯኹ፤ ሰውዬው፣ አያ ከዚህ ከተነቃነቀ ለፖሊስ እንደሚሰጠው ዝቶ ስልኩን ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«ታዲያ ደውልለት» አልኩት።

«የዘጋው እሱ፣ የምደውለው እኔ?»

ከተራራው ማዶ መድፍ አጓራ። ፍየሎቹ ተንጋጉ፤ እሱ ሩዙን መጉረሱን ቀጠለ።

«አያ፣ እነዚያም እኮ ‹እሱ ይቅደም› እየተባባሉ ነው የሚተኳኮሱት።»

«እኔ ምን ተኮስኩ? እኛ አገር የተጣላ ሰው ራሱ አይሄድም። አበጋር ገብቶ፣ መጀመሪያ የተቆጣውን ሰምቶ ነው የሚያስታርቅ። እዚህ አበጋር ከየት ላምጣ?» አለና ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

እኔ ሾፌር እንኳ ማናገር እንደማልደፍር ነገርኩት።

«አይ አንች፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ዝም ማለት ነው?»

አበጋር ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡትን ሳይቀር የሚያስታርቅ የተከበረ ሽማግሌ ነው። መንግሥታት አምባሳደርና ተርጓሚ ሞልቷቸው የማያደርጉትን ከእኔ መጠበቁ አበሸቀኝ። ግን ሌላ ሰው አልነበረም። የከፊሉን ቤት አቅጣጫ ጠይቄ ብቻዬን ወደ ጂዛን ተመለስኩ።

ቤቴ ስደርስ ተዳክሜ ነበር። ቀድሞ መደወል ውርደት ስለሆነ ብቻ ስንቱ በረት፣ ስንቱ ትምህርት ቤት መፍረስ አለበት?

በማግስቱ ጠዋት፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት፣ የከፊሉን በር አንኳኳሁ። የሰይድን ስም ስጠራ ድምፁን ከፍ አደረገ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ፣ «መጀመሪያ የእርስዎን ልስማ» አልኩትና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።