የቁሌት ሽታ
ሰሚት ኮንዶሚኒየም ብቻዬን ነው የምኖረው። መብራት ለመቆጠብ ብዬ ከመገናኛ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም የማብሰያ ቦርሳ ገዛሁ። ጠዋት ድፍን ምስር በጨው ትንሽ አፍልቼ ድስቱን ከነክዳኑ ቦርሳው ውስጥ ዘግቼ ሥራ እሄዳለሁ። ስመለስ በስሎ ይጠብቀኛል። ጢስ የለም፣ ሽታ የለም፣ የሚያር ነገር የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ፊት ለፊቴ የሚኖሩት የወሎ እናት አንድ ሳህን ፍርፍር ይዘው በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ከቤትህ የቁሌት ሽታ ከጠፋ ሰነበተ። ከተቸገርክ ጎረቤት ምን ሊሠራ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ አበስላለሁ! በዚህ ቦርሳ ነው የማበስለው» አልኩና አሳየኋቸው።

ቦርሳውን አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ። «አይዞህ» ብለው ሳህኑን ሰጡኝ።

የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ምስሬን ሞልቼ መለስኩላቸው። በማግስቱ ሳህኑ ቅቤ የገባበት ሽሮ ይዞ መጣ፤ ምስሬን ቀምሰው ይበልጥ አዝነውልኛል።

አሁን ከሥራ ስገባ ምስሩ ቦርሳው ውስጥ በስሎ ይቆየኛል። እኔ ግን በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን አብርቼ፣ ለሽታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ሽንኩርት አቁላላለሁ።